ትልቁ እንግዳ የተከሉት ዱላ

ጥር 6

የስታዲየሙን ጥድ ዛሬ ቀየርነው። ለአራተኛ ጊዜ። ማለዳ ነው የሄድነው፣ ሰው ሳይበዛ። ሻምበል የደረቀውን ነቀለ፣ እኔ ተጠባባቂውን አቀበልኩት። አፈሩን ረገጥ ረገጥ አድርገን ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ወለወልነው። «ይህ ዛፍ በክቡር እንግዳችን እጅ ተተከለ» ይላል። ክቡር እንግዳው ራሳቸው ከሞቱ ቆዩ... ዛፋቸው ግን ደህና ነው።

በዚህ ከተማ ትልቅ ሰው የተከለው ዛፍ ሞቶ አያውቅም። የኛ ክፍል ሥራ ነዋ። ትልቅ ሰው አንድ ችግኝ ሲተክል እኛ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ሦስት እኩዮቹን እናሳድጋለን፣ አንዱ ሲወጣ ሌላ እንተካለን። ቁመቱን፣ ቅርንጫፉን፣ ከተቻለ ጠማማነቱን ሁሉ አስመስለን። ተጠባባቂ ነው የምንላቸው። ተራ ሰው የተከለው ከደረቀ ግን ደረቀ ነው፣ ማንም አይጠይቅም።

ሻምበል አትክልተኛችን ነው። የወታደር ቤት ደጅ ረግጦ አያውቅም፣ አረማመዱ ነው ሻምበል ያሰኘው። ስንመለስ፣ አምስተኛውን እንግዲህ ሌላ ሰው ይትከለው፣ እኔ ጡረታዬ ደርሷል አለኝ። ሰውም ተጠባባቂ ቢኖረው ጥሩ ነበር።

ቤት ስገባ ሊፍቱ አሁንም አልተሠራም። ሦስተኛ ፎቅ፣ በዚህ ጉልበት።

ጥር 11

ስብሰባ። አለቃችን አቶ ይቻላል ትልቅ ዜና ይዞ መጣ። (ስሙ ሌላ ነው። ከበላይ ለመጣ ነገር ሁሉ «ይቻላል» ስለሚል ነው።) ከተማችን ሐውልት ልታገኝ ነው። የመጪው ዘመን ሐውልት። የሲሚንቶ ሰውዬ፣ ቀኝ ክንዱን ዘርግቶ በጣቱ ወደፊት የሚያመለክት። ከዋናው አደባባይ መታየት አለበት፣ ስለዚህ የሚቆመው ኮረብታው ላይ ነው አለን።

የትኛው ኮረብታ? ብዬ ጠየቅሁ። ሌላ ኮረብታ ያለን ይመስል።

እትዬ ቤት ጀርባ ያለው ነው። ታላቅ እህቴ፣ የተወለድንበት ቤት። ከበላይ የመጣ አንድ ሰውዬ፣ የኮረብታው ዛፍ አይሸፍነውም ወይ አለ። ይቻላል አለ አለቃዬ። ምኑ እንደሚቻል የጠየቀው የለም። ቆረጣውን የምከታተለው እኔ ነኝ። የዛፍ ኃላፊ ነኛ!

ጥር 13

ለእትዬ አልነገርኳትም። ነገ።

ጥር 14

ነገ።

ጥር 16

ነገርኳት። ልብስ እያሰጣች ነበር።

ቤቷ ኮረብታውን ተደግፎ ነው የተሠራው፣ ኩሽናው ጀርባውን ሰጥቶት። ከኩሽናው ትንሽ ከፍ ብሎ ምንጭ አለ፣ ምንጩን ደግሞ አኻያዎች ከበውታል። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ጥርሴን አልቀየርኩም። እትዬ ናት ያሳደገችኝ። እዚያ ምንጭ ላይ ነው ያጠበችኝ፣ እዚያ አኻያ ሥር ነው ፊደል ያስቆጠረችኝ። ልታገባ ነበር፣ ለኔ ስትል ቀረች። ይህን አንድ ቀን አፍ አውጥታ ብላኝ አታውቅም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰማችኝ። አንድ አንሶላ ጨመቀች፣ አራገፈች፣ ሰቀለች።

«ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «ሞኟ እኔ፣ ቆራጯ አንቺ። ከአንድ ቤት መውጣታችን ደግ ነው።»

ምሳ አበላችኝ። ግን አላናገረችኝም።

የካቲት 9

ቆረጣው ተጀመረ። ወፎቹ ሲመሽ እንደ ልማዳቸው ሊያድሩ መጡ። ዞሩ... ዞሩ... ሽቦ ላይ ተደረደሩ። የስልክ ሽቦ ላይ ያደረ ወፍ እንቅልፍ ይወስደዋል እንዴ? አላውቅም። እኔ ግን አላየሁም ብዬ ወደ መኪናው ገባሁ።

የካቲት 20

ጨረስን። አኻያዎቹ ብቻ ቀሩ። ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆኑ አይሸፍኑም ተባለ።

ኮረብታው ራሱን ተላጨ። ሐውልቱን የሚያሠሩት ከአደባባዩ ሆነው ቢያዩት አዘኑ። ለካ ትልቅ ያስመሰለው ዛፉ ኖሯል! ዛፉ ሲነሳ ጉብታ ነው። ስለዚህ የሐውልቱ መቆሚያ በእጥፍ ከፍ ይበል ተባለ። ከፍ የሚል ከሆነ ደግሞ መሠረቱ ጠልቆ መቆፈር አለበት። ይቻላል።

መጋቢት 5

እትዬ ደወለች። ከጥር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ደስ አለኝ፣ ግን ለሰላምታ አልነበረም።

«አልጋዬ ላይ አፈር፣ ሻዬ ውስጥ አፈር። ገና ሳልሞት» ብላ ዘጋችው።

መጋቢት 24

መሠረቱን ቆፍረው ሲጨርሱ ምንጩ መቅጠን ጀምሮ ነበር፣ ዛሬ ጭራሽ ደረቀ። የእትዬ ኩሽና ወለል ደግሞ ይረጥባል። በየቀኑ ታደርቀዋለች፣ በየቀኑ ይረጥባል። የቧንቧ ሠራተኛ ይዤ ሄድኩ። አጎነበሰ፣ አንኳኳ፣ አሸተተ። በመጨረሻ እዚህ ኩሽና ውስጥ ቧንቧ የለም አለ። እትዬ፣ ይህንንማ እኔም አውቃለሁ፣ እየኖርኩበት አለችው።

ጆንያ አነጠፍን።

ሚያዝያ 8

ሰውዬው ቆመ። ጣቱ መጨረሻ ላይ ነው በክሬን የገባው። ሕዝቡ ከመቼው ስም አወጣለት... «ያውና»። የታክሲ ረዳቶች ሳይቀሩ ያውና፣ ያውና እያሉ ይጠራሉ።

ወዴት ነው የሚያመለክተው? ወደ መጪው ዘመን ይላል መግለጫው። እኔ ከሥሩ ቆሜ በጣቱ አቅጣጫ ባይ የእትዬ ጣሪያ ነው።

ሚያዝያ 12

እውነትም የእትዬ ጣሪያ ነው። ግቢዋ ውስጥ ቀይ ቀለም የተቀቡ ችካሎች ተተክለዋል፣ አንዱ የካሮት መደቧ መሃል። ከመኪና መንገዱ እስከ ያውና እግር የሚደርስ ሰፊ ደረጃ ሊሠራ ነው። ደረጃው ደግሞ በእትዬ መኝታ ቤት በኩል ያልፋል።

የደረጃው መሐንዲስ ወጣት ነው። ጨዋ ነው፣ ይህ ነው የሚያናድደው። ቤቱ መስከረም ላይ ይፈርሳል፣ ምትክ ይሰጥዎታል እማማ፣ ከከተማው ጫፍ አምስተኛ ፎቅ አላት። እማማ አትበለኝ፣ ልጅ የለኝም አለችው። ወደኔ እያየች ነው ያለችው።

እሱ ሲሄድ ችካሉን በእግሯ ነካ ነካ አደረገች።

«እኔ ከዚህ የምወጣው በቃሬዛ ነው። አንቺ ሚጡ፣ ለመሆኑ የተማርሽው ለምንድነው?»

ሃምሳ ዓመት አልፎኛል፣ ለእሷ አሁንም ሚጡ ነኝ። ፈራሁ። እትዬ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮት ዳር ተቀምጣ፣ የምታሰጣበት ሳይኖራት... አይ። ከዚያ ቤት ካወጧት ዓመት አትቆይም። እሷም ታውቀዋለች።

ሚያዝያ 20

ለምረቃው ቀን ከበላይ አንድ ትልቅ እንግዳ ይመጣሉ፣ ጥድም ይተክላሉ። ጉድጓድ ማዘጋጀት የኛ ነው። አቶ ይቻላል ሐውልቱ እግር ሥር ይሁን አለ። እዚያ ሁሉም ሲሚንቶ ነው፣ ዶማ አይገባውም አልኩት። ታዲያ የት? አለ።

ከግርጌው፣ መኪናው የሚቆምበት። አፈሩ ደህና ነው አልኩ። ሌላ ቦታ ሳያስብ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

«ይቻላል» አለ። ይህን ቃል ስወደው የመጀመሪያዬ ነው።

ጉድጓዱን ቦታ የመረጥኩለት ራሴ ነኝ። ከእትዬ አጥር ፊት ለፊት፣ በሁለት ቀይ ችካሎች መሃል። ሻምበል ችካሎቹን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ መቆፈሩን ቀጠለ። ዝም አይነቅዝም። ትልቅ ሰው የተከለውን ዛፍ ማን ይነቅላል? ለአንድ ሰሌዳ ተብሎ አስፋልት ሲጣመም በዓይኔ አይቻለሁ። ጥዱ ደግሞ ሦስት ተጠባባቂ አለው። አልቋል በቃ።

ዛሬ ጉልበቴን አላመመኝም።

ግንቦት 3

አላለቀም። ከበላይ ሰዎች መጥተው ኮረብታውን አዩት። ለምን ራሰ በራ ሆነ? አሉ። ለምረቃው ቀን አረንጓዴ መሆን አለበት ተባለ። ስምንት ቀን እንኳ አልቀረም! ይቻላል አለ የኛ ሰው።

እንዴት ተቻለ? ምንጩ ዳር ያሉት አኻያዎች ለእንግዶች መኪና ማቆሚያ ቦታ ይዘዋል። እነሱን ቆርጦ ቅርንጫፋቸውን ኮረብታው ላይ መሰካት። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል።

እኔ ነኝ ያስቆረጥኳቸው። እትዬ ከአጥሯ ሆና አየች። ፊደል የቆጠርኩባት አኻያ ስትወድቅ ወደ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ወደዚያ በር ሄጄ ማንኳኳት አቃተኝ።

ግንቦት 9

ሰክተን ጨረስን። ከሩቅ ጫካ ነው። ከቅርብ ዱላ ነው፣ በሽቦ የታሰረ። ነፋስ በመጣ ቁጥር አንዱ ይጋደማል፣ ሻምበል ሮጦ ያቆመዋል። ለድምቀት ተብሎ ከጥዱ ጉድጓድ ግራና ቀኝም ወፋፍራም ቅርንጫፍ ሰክተናል፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ።

ግንቦት 10

ጉድ ሆነ።

ትልቁ እንግዳ መጡ። ከመኪና ወረዱ፣ ጥብጣብ የታሰረበት አካፋ ተሰጣቸው። ጥዷ ጉድጓዷ ውስጥ ቆማ ትጠብቃለች፣ ከጉልበት አታልፍም። ፎቶ አንሺው፣ ክቡርነትዎ ትንሽ ወደ ግራ፣ ሐውልቱ ከኋላ እንዲገባ አለ። ወደ ግራ ተጠጉ። ከግራ ያለው የአኻያው ዱላ ነው። አፈር ዛቁና ዱላው እግር ላይ አደረጉ። ደገሙ። ማጠጫውን ተቀብለው ውሃም አጠጡት። ዱላውን ቀና አድርገው ይዘው ፎቶ ተነሱ።

ጭብጨባ።

አፌን ከፈትኩ። አቶ ይቻላል አየኝ። ዘጋሁት።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ጥዷ እዚያው ጉድጓዷ ውስጥ ናት፣ ሥሯ ፀሐይ ላይ። ሻምበል ምን እናድርጋት አለ።

«ማንም አልተከላትም» አልኩ። አንስተን ችግኝ ጣቢያ መለስናት።

ግንቦት 12

ፎቶው የጋዜጣው የፊት ገጽ ላይ ነው። ትልቁ እንግዳ፣ ዱላው፣ ከኋላ ያውና። ሰሌዳው ዱላው አጠገብ ተተከለ፣ ሌላ የት ይተከላል?

አቶ ይቻላል ቢሮው አስጠራኝ። ተጠባባቂ አለው አይደል? አለ። ዱላ እኮ ነው አልኩት፣ የዱላ ተጠባባቂ የለንም። ከችግኝ ጣቢያ አኻያ ይምጣ አለ። አኻያ አሳድገን አናውቅም። ምንጩ ዳር በራሱ ይበቅል ነበራ! ምንጩም የለ፣ አኻያውም የለ። ሌሎቹ ቅርንጫፎችስ? አለ። የሰፈሩ ሰው በማግስቱ ለማገዶ ሰብስቧቸዋል፣ ደግ አደረገ። የቀረው ይኸው ሰሌዳ ያለው አንዱ ነው።

«እንግዲህ እንዳይደርቅ» አለኝ። ሥር የሌለውን።

አኻያ ውሃ ካገኘ ከቅርንጫፍም ሥር ያወጣል፣ ይህን አውቃለሁ። ውሃ ካገኘ።

ግንቦት 15

ለእትዬ ሁሉንም ነገርኳት። የጉድጓዱን ቦታ ለምን እንደመረጥኩ፣ ጥዷን፣ ተጠባባቂዎቹን፣ ፎቶ አንሺውን። ስትሰማኝ ቆይታ፣

«ቤቴን ለዱላ ነው ያስያዝሽው?» አለች።

ሳቀች። ቁጭ ብላ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪመጣ። ሳቋ አናደደኝ። ለሷ ብዬ እንጀራዬን ለአደጋ አጋልጬ... ግን ከጥር ወዲህ ስትስቅ አላየኋትምና ተውኩት። ስወጣ የዕቃ እጣቢ ይዛ ተከተለችኝና ዱላው እግር ላይ ደፋችው።

ግንቦት 22

ቅጠሉ ረገፈ። ሙልጭ።

መሐንዲሱም ዛሬ መጣ። ሰሌዳውን አነበበ፣ ችካሎቹን አየ፣ ሜትሩን ዘርግቶ ለካ። ዱላው የደረጃው መሃል ላይ ነው። በቀጥታ ወደ አቶ ይቻላል ቢሮ። እኔም ተጠራሁ። ይነሳልኝ አለ መሐንዲሱ። አለቃዬ ጋዜጣውን አየ፣ ፎቶውን አየ፣ ላበው። የለመደውን ቃል ፈለገ፣ አልመጣለትም። እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም፣ ልክ መነጽሩ እንደጠፋበት ሰው።

«ከደረቀስ?» አለ መሐንዲሱ።

«ከደረቀማ ዛፍ አይደለም። ሰሌዳውን ወደ ላይ፣ ሐውልቱ ጋ እንወስደዋለን፣ ደረጃውም ይቀጥላል» አለ አለቃዬ።

ስለዚህ ነገሩ ይሄ ነው። ዱላው ከዳነ ቤቱ ይድናል። ዱላው ከሞተ እትዬ አምስተኛ ፎቅ ናት።

ሰኔ 1

መሐንዲሱ በየሰኞው ይመጣል። በጥፍሩ ልጡን ፋቅ አድርጎ ያያል። ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ አለ ማለት ነው። አለ፣ ይላል። ይሄዳል። በሚቀጥለው ሰኞ ሌላ ቦታ ይፍቃል። እትዬ፣ ልጅ ቢሆን እንዲህ ተቧጦ አያድግም አለችው። ዙሪያውን በአሮጌ የአልጋ ሽቦ አጠረችው። አሁን ለመፋቅ እሷን ማስፈቀድ አለበት። ያስፈቅዳል፣ ጨዋ ነው ብያለሁ።

የመሥሪያ ቤቱ ቦቴ ሁለቴ ውሃ አመጣ። ከዚያ ሹፌሩ ይህ መንገድ ስምሪቴ ውስጥ የለም አለ።

ሰኔ 8

ዝናቡ ዘገየ። ዛሬ ራሴ ፋቅሁት። አረንጓዴው ገርጥቷል።

እጣቢ አይበቃውም። ከችግኝ ጣቢያ በባልዲ እንዳልወስድ ሩቅ ነው። ምን ላድርግ? ሻምበል፣ ሥር ካላወጣ እስከ ሰኔ መጨረሻ ነው ዕድሜው አለኝ። ቢዋሸኝ ምን ነበረበት።

ሰኔ 11

ይህን በደንብ ልጻፈው።

ከሥራ በቀጥታ እትዬ ጋ ሄድኩ። ኩሽና ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ካልሲዬ ረጠበ። እትዬ እንደ ዘወትሩ ወለሉን በጆንያ ትጠርጋለች፣ ጆንያውን ባልዲ ላይ ትጨምቃለች። ባልዲው ሲሞላ በጓሮ በር ወጥታ ደፋችው። ተመለሰች። ጠረገች፣ ጨመቀች።

«ይህን ሁልጊዜ እዚያ ነው የምትደፊው?» አልኩ።

«ታዲያ ልጠጣው?»

ተያየን። መጀመሪያ ያሰበው ማነው? እኔ እሷ ናት እላለሁ። እሷ እኔ ነኝ ትላለች። ብቻ ባልዲውን እዚያው ትታ ዶማ አመጣች።

ወለሉን ቆፈርነው። ሁለት አሮጊቶች። ሲሚንቶው ስስ ነው፣ ከሥሩ ጭቃ፣ ከጭቃው ሥር ጠጠር፣ ከጠጠሩ መሃል ውሃ ተፍ ተፍ ይላል። ጥርት ያለ። እትዬ በእፍኟ ዘግና ቀመሰችው። ደግማ ዘግና ጠጣች።

«ምንጩ ነው» አለች።

ያውናን ለማቆም ሲቆፍሩ መውጫውን ደፍነውበት፣ ዞሮ ዞሮ ኩሽናዋ ገብቷል። ቤቱን ያጣ የት ይሄዳል? ወደሚያውቀው ሰው ነው። እኔ ደግሞ ለእሱ የቧንቧ ሠራተኛ አመጣሁበት።

ሻምበልን ጠራሁት። በግድግዳው ሥር ቦይ አወጣ፣ በካሮቱ መሃል አሳልፎ ዱላው እግር ድረስ። ምድጃውን ወደ በረንዳ አወጣንላት። እትዬ ለምድጃዋ አዘነች። ከዚያ ደግሞ ቦዩ ዳር ቆማ ውሃው ሲሄድ አየችው፣ ሲደርስ እፎይ አለች።

ሰኔ 20

ምንም የለም።

ሰኔ 27

ዝናብ መጣ። ዱላው ምንም የለውም። መሐንዲሱ ፋቀ። አለ፣ አለ... ድምፁ ግን ጠርጥሯል።

ሐምሌ 4

ቢሮ ሆኜ ስልክ ጮኸ። እትዬ ናት። «ነይ» ብቻ ብላ ዘጋችው።

ወደቀች? ቤቱን አፈረሱት? ምን አስቤ እንደሄድኩ እኔ ነኝ የማውቀው። የቢሮውን ደረጃ ስወርድ ጉልበቴን ረሳሁት።

አጥሩ ጋ ቆማለች። ጣቷን ወደ ዱላው ዘረጋች። መሐንዲሱ ከፋቀበት ዝቅ ብሎ፣ ልጡ ተሰንጥቆ፣ አንዲት ቡቃያ። የሩዝ ፍሬ አታህልም። አረንጓዴ። እጄን ያዘችኝ። እጇ ሻክሯል፣ ያው ያጠበኝ እጅ ነው። አለቀስኩ። ሕፃን ሆኜ እንኳ እንደዚያ ያለቀስኩ አይመስለኝም።

«እዚያ ላይ አታልቅሺ» አለችኝ፣ «ጨው አይወድም።»

ሐምሌ 11

መሐንዲሱ መጣ። ቡቃያው አሁን ቅጠል ሆኗል፣ ወንድሞቹም ወጥተዋል። አልፋቀም። ጠጋ ብሎ አየና፣

«እትዬ፣ እንኳን ደስ ያለዎት» አላት። እማማ አላለም። ችካሎቹን ራሱ ነቃቀለ፣ የካሮቱንም። ከምንጩ ውሃ ሰጠችው፣ ጠጣ፣ ደገመ። ደረጃው በኮረብታው ሌላ ወገን ይሠራል አለ። በዚያ በኩል እኮ ገደል ነው አልኩት። ይቻላል ተብሏል አለ።

ነሐሴ 19

ኮረብታው ይወርዳል። ዛፍ የለ፣ ሥር የለ... ዝናብ በመጣ ቁጥር ጭቃው እስከ አደባባዩ ነው። ያውና ብቻውን ቆሞ ጭቃውን ያመለክታል። የእትዬ ቤት ላይ አልመጣም፣ ሻምበል ጀርባውን በድንጋይ ደርድሮላታል። አንድ ኮረብታ አጥፍተን አንድ ቤት አተረፍን። ደስታዬን ስጽፍ ይህንንም ልጻፈው ብዬ ነው።

ሚያዝያ 17

ይህ ደብተር ከጠፋብኝ ዓመት ከምናምን ሆኖታል። ዛሬ ከመሳቢያው ኋላ ወድቆ አገኘሁት። አነበብኩት። ብዙ አማርሬያለሁ። ሊፍቱ አሁንም አልተሠራም።

ዱላው ከእትዬ ጣሪያ በልጧል። እግሩ ውሃ ውስጥ ነው፣ ምን ጎድሎት! ወፎቹ ከሽቦው ወርደው እሱ ላይ ያድራሉ፣ በአንድ ዛፍ ተጨናንቀው ይጣላሉ። የሰፈሩ ሰው ከእትዬ ኩሽና ውሃ ይቀዳል፣ ጄሪካን ተሰልፎ። እሷ በረንዳዋ ላይ ምድጃዋ አጠገብ ሆና ተራ ታስከብራለች። ወረፋ የሚያጭበረብር ወዮለት።

ባለፈው ሳምንት አቶ ይቻላል አስጠራኝ። ከበላይ ደውለውለታል። ከአደባባዩ ሲታይ የሐውልቱ ጣት ብቻ ነው የሚታየው፣ የድሮዎቹ አኻያዎች ከቤቱ ጀርባ ነበሩ፣ ይሄኛው ግን ከፊት ቆሞ ሸፍኖታል። ትንሽ ቢከረከም... አለ። የትልቁን እንግዳ ዛፍ? አልኩ። አዎ አለ። ደብዳቤው በማን ፊርማ ይውጣ? አልኩት። መስኮቱን አየ፣ እኔን አየ።

«አይቻልም» አለ።

እንዲህ ብሎ ሰምቼው አላውቅም። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ።

ዛሬ ጠዋት ጥዶቹን ከችግኝ ጣቢያ አወጣኋቸው። ሦስቱን ተጠባባቂዎችና ማንም ያልተከላትን። የሚጠባበቁት የላቸውም ብዬ ነው። ሻምበል ጡረታ ወጥቷል፣ ግን ሲሰማ አካፋውን ይዞ መጣ። ፀሐይ ወጥታ፣ ሰው እያየን፣ ኮረብታው ላይ ተከልናቸው። እትዬ ውሃ አመላለሰች፣ አትድከሚ ብላት መች ሰምታኝ። ሰሌዳ የለም። ከደረቁም እንደማንኛውም ዛፍ ይደርቃሉ። እንዳይደርቁ ግን በየሳምንቱ ላያቸው ወስኛለሁ።

ስንወርድ ካሜራ ያንጠለጠለ እንግዳ ሰው አጥሩ ጋ ቆሞ ግራ ቀኝ ያያል። ታዋቂው ሐውልት የት ነው እናቴ? አላት። እትዬ ባልዲዋን አስቀመጠች፣ እጇን በቀሚሷ አደረቀች።

«ከዛፉ ጀርባ ነው» አለችው። «ቅጠሉን ገለጥ አድርገህ እየው።»